ጭንቅላቱ ለአንዱ፣ ሥጋው ለሌላዋ

አንድ የሐይቅ አገር ሹም በክረምት መግቢያ ላይ የወንዙን አፍ ለዓሣ አጥማጆች ዘጋ። ወንዙ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክረምት ክረምት ለመራባት የሚመጣው አምባዛ የተባለው ዓሣ ከሐይቁ አምባዛ ጋር አንድ ነው ወይስ የተለየ ዝርያ? ይህ እስኪታወቅ ማንም መረብ እንዳይጥል ተከለከለ። አንድ ከሆነ አጥማጆቹ ይመለሳሉ። ከተለየ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ዓሣ ነውና ቦታው በየክረምቱ ይዘጋል።

መልስ እንዲሰጡ ሁለት ሊቃውንት ተጠሩ። አንዱ ዓሣን የሚለየው በአካሉ ነው፤ የራስ ቅሉን ቅርጽ ያያል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ጢሙን ይለካል። ሌላዋ የምትለየው በዘረመሉ ነው፤ ቁራጭ ሥጋ ይበቃታል። ናሙና የማቅረቡ ሥራ ቢያድግልኝ ለሚባል አጥማጅ ተሰጠ። በወንዙ አፍ መረብ እንዲጥል የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነበር።

በዚያ አገር አምባዛ ከነጭንቅላቱ ገበያ አይወጣም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም የሚል ብዙ ነው፤ ገዢ ጢሙን ካየ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ስለዚህ አጥማጆች ዳር እንደደረሱ ጭንቅላቱን ቆርጠው ወደ ክምር ይወረውራሉ፣ ቆዳውን ገፍፈው ሥጋውን ቅርጫት ውስጥ ያደርጋሉ። ቢያድግልኝም መረቡ ያወጣውን ሁሉ እጁ እንደለመደው አደረገ። ከክምሩ አንድ ጭንቅላት አንስቶ ለአካሉ ሊቅ፣ ከቅርጫቱ አንድ ቁራጭ ሥጋ አንስቶ ለዘረመሏ ሊቅ ላከ። የትኛው ጭንቅላት የየትኛው ሥጋ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

«የተለየ ዝርያ ነው» አለ የአካሉ ሊቅ።

«ከሐይቁ ጋር አንድ ነው» አለች የዘረመሏ ሊቅ።

ሁለቱም ተጨማሪ ናሙና ጠየቁ። ተላከላቸው። አሁን ደግሞ እሱ «አንድ ነው» ሲል እሷ «የተለየ ነው» አለች።

«ባለፈው ተቃራኒውን አልነበር ያላችሁት?» አለ ሹሙ።

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለ ሊቁ። «እርሳቸው ግን መልኩን እንኳ አይተውት አያውቁም።»

«መልክ ያታልላል» አለች ሊቋ። «ተጨማሪ ይላክልን።»

ሐምሌ እንዲህ አለፈ፤ ነሐሴም ተከተለ። የመንደሩ ታንኳዎች ዳር ላይ ተገልብጠው ዋሉ። ቢያድግልኝ ቅርጫቱን ተሸክሞ ባለፈ ቁጥር ጎረቤቶቹ በነገር ይወጉታል።

«ቢያድግ፣ ሊቃውንትህ ዛሬስ ምን አሉ?»

«ተጨማሪ።»

«ተጨማሪ! እኛ ስንይዘው ጥፋት፣ እነሱ ሲያስይዙት ጥናት!»

በመጨረሻ ሹሙ ተንገፈገፈ። «ነገ ሁለታችሁም ከአንድ ጠረጴዛ ትቀመጣላችሁ» አለ። «ቢያድግልኝ፣ አንተ ደግሞ ዓሣውን እንዳለ አምጣ። ቢላህን እንዳትነካ!»

ሁለት ሙሉ አምባዛ ቀረበ። ሊቁ ጭንቅላታቸውን መረመረ፤ ሊቋ ከእነዚያው ዓሦች ቁራጭ ሥጋ ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ቃላቸው ገጠመ። አንደኛው ዓሣ የሐይቁ ዝርያ ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ነው። በወንዙ አፍ ሁለቱም ይመጡ ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ ሲጣሉ ከሁለቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ የአንዱን ዓሣ ጭንቅላትና የሌላውን ዓሣ ሥጋ ይዘው ነበር የሚከራከሩት።

«ታዲያ ከመጀመሪያው ሙሉ ዓሣ ለምን አልጠየቃችሁም?» አለ ሹሙ።

«ለእኔ ጭንቅላቱ ይበቃኛል።»

«ለእኔም ሥጋው።»

ሹሙ ግንባሩን ያዘ። «ለእናንተስ በቃችሁ፤ ያልበቃው ለእኔ ነው።»

የወንዙ አፍ በየክረምቱ እንዲዘጋ ታዘዘ። አጥማጆቹ አጉረመረሙ፤ ግን ምክንያቱ ገባቸውና መረባቸውን ሰበሰቡ።

ታሪኩን የሚያወሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆሙታል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ በእጅህ ያለው ቁራጭ ትክክል ቢሆንም ሙሉው አይደለም፤ ሌላውን ቁራጭ ከያዘው ሰው ጋር ካልተቀመጥክ ትክክል ሆነህም ትሳሳታለህ። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም።

በተከታዩ ክረምት ሊቃውንቱ አብረው መጡ፤ ከአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ በቀረበላቸው ዓሣ ሁሉ ተስማሙ። ሁሉም የሐይቁ ዝርያ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ክረምቶችም እንዲሁ። ሌላው ዝርያ አልተመለሰም።

ሹሙ ቢያድግልኝን አስጠራው። «ከልክዬ ነበር እኮ! ማን ተደብቆ አጠመደው?»

«ማንም፣ ክቡር ሹም» አለ ቢያድግልኝ። «ሊቃውንቱ በተከራከሩበት ክረምት እዚያ ውሃ ውስጥ የገባው የእኔ መረብ ብቻ ነው። ተጨማሪ ሲሉኝ አመጣሁ።»

አንተስ አንባቢ፣ ዛሬ የምትከራከርበት ነገር ክርክሩ እስኪያልቅ ይቆይልህ እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ?

የወንዙ አፍ እስከ ዛሬ በየክረምቱ ይዘጋል።