ጥሬውን ድምፅ የዘጋው ሰው

አንድ ሰው ከውጭ አገር ሲመለስ ከልብሱ መካከል ሦስት ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ጠቅልሎ አመጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣውን የፈተሸው ሠራተኛ አንዱን አንስቶ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አለው።

"የቤዝ ጊታር ፔዳል ነው።"

"ምን ያደርጋል?"

"ድምፅ ያበላሻል።"

ሠራተኛው ቀና ብሎ አየው። "ለማበላሸት ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የተሸከምከው? እዚህ የሚያበላሽ አጥተን?"

ሳቃችሁ። ሰውየው ሲነግረኝ እኔም ስቄያለሁ። ግን የተናገረው እውነቱን ነው። እነዚህ ሳጥኖች መሬት ላይ ተቀምጠው በእግር የሚረገጡ ናቸው። ሲረገጡ የቤዙ ድምፅ ይሻክራል፣ ይወፍራል። አንደኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ሲናገር ይመስላል። ሁለተኛው ዲስቶርሽን ይባላል፤ ወፍራም አቡጀዴ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነው። ሦስተኛው ፈዝ ይባላል፤ እሱ ደግሞ ጀሪካን ውስጥ የታፈነ የንብ መንጋ ነው። በአግባቡ ለተጠቀመባቸው ያምራሉ። ፔዳል ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። ያን ዓይነት ስብከት ሰምታችኋል፤ እኔ አላምንበትም።

ሰውየው እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቤዝ እንዲጫወት ተጠየቀ። ደስ አለው። ሙዚቃ የተማረው ግን እንዴት ነበር? ፊቱ ወረቀት ተዘርግቶለት፣ መዝሙሩ በየትኛው ኪይ፣ ማለትም በየትኛው የድምፅ ከፍታ እንደሚጀመር አስቀድሞ ተጽፎለት ነበር።

እኛ ዘንድስ? አምልኮ መሪው ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይጀምራል። በየትኛው ኪይ እንደሆነ ለማንም አይናገርም፤ ራሱም አያውቀውም። በልቡ የመጣለትን ይይዛል። ኪቦርድ ተጫዋቹ በጣቱ እየዳሰሰ ይፈልገዋል። ቤዙም የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ማግኘት አለበት። እዚህ ያደጉ ተጫዋቾችን ይህን ያስተማራቸው የለም። ጆሯቸው ያውቀዋል።

የዚህ ሰው ጆሮ አላወቀም።

የመጀመሪያው እሁድ መሪው ጀመረ። ሰውየው አንድ ክር መታ፤ ስህተት። ሌላ መታ፤ እሱም ስህተት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞር ብሎ አየው። ከፊት ረድፍ አንዲት እናት ዓይናቸውን ገለጡ። ያን ጊዜ፣ እሱ እንዳለው፣ ደሙ ከፊቱ ወደ ጆሮው ወጣ። እግሩም ሳያዘው ፔዳሉን ረገጠ።

አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። የትኛው ኪይ እንደሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም።

ከአምልኮ በኋላ ወጣቶቹ ከበቡት። "ወንድሜ፣ ያ ነገር ምንድን ነው? አጥንት ነቀነቀኮ" አሉት። "ውጭ እንዲህ ነው እንዴ የሚያመልኩት?" አሉት። አስቡት። በተሳሳተበት ሰዓት ተመሰገነ። ከዚህ የከፋ ነገር ሰው ላይ ይደርሳል?

ከዚያ ሳምንት በኋላ ፔዳል የሚመርጥበት ምክንያት ተቀየረ። ድሮ "የትኛው ያምራል?" ብሎ ነበር የሚመርጠው። አሁን ቤቱ ተቀምጦ እያወቀ የተሳሳተ ኖታ ይመታል፤ ከዚያ ሳጥኖቹን ተራ በተራ ይረግጣል። ለስላሳው ስህተቱን ያሰማል፤ ተወው። ዲስቶርሽኑም የኖታውን ጠርዝ አይደብቅም፤ ተወው። ፈዙ ግን ሁሉንም ዋጠው።

ፈዙ ላይ አንዲት ማዞሪያ አለች። ወደ አንድ ወገን ስትዞር ያልተነካውን፣ ጥሬውን የጊታር ድምፅ ከሻካራው ጋር ትቀላቅላለች። ወደ ሌላው ወገን ስትዞር ጥሬውን ፈጽሞ ትዘጋዋለች። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዞራትና ዘጋው። መረጠ ማለት ይህ ነው።

አሁን ስለ እህት ዘውድነሽ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋዋ ናት። በመዘምራኑ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ዘምራለች። መሪው ሲጠፋበት የሚፈልገው የእሷን ድምፅ ነበር።

ቤዝ ማለት ወለል ማለት ነው። ወለሉ ትንሽ ሲያዘነብል ሰው ለምን እንደሚንገዳገድ አያውቅም። እህት ዘውድነሽም ተንገዳገደች። ትክክለኛውን ልትይዝ ስትል ከታች የሚያጉረመርመው ነገር ወደ ራሱ ይጎትታታል። ሁላችንም የሆነ ነገር እንደተበላሸ ተሰማን። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን ለይተን የምንሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነበር። ስለዚህ በማን ፈረድን?

ስብሰባ ተቀመጥን። "ተቀመጥን" ስል ሰምታችሁኛል። ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰውየውን እንደ ባለሙያ ጠራነው። የጠየቅሁትም እኔ ነኝ፦ "አንተ ተምረሃል፤ ጆሮህ ምን ይልሃል?"

ሰውየው ጫማውን አየ። ከዚያ፣ "ዕድሜ ድምፅን ያወርዳል" አለ።

አራት ቃል እንኳ አልሞላም። ሐሰት ነው እንዳትሉት፣ ዕድሜ እውነትም ድምፅን ያወርዳል። ከመዘምራኑ እንድትወጣ እጃችንን አነሳን።

ጠርተን ነገርናት። "ትንሽ እረፊ፣ እህታችን" አልናት።

"ምኔ ነው የተበላሸው?" አለች። "ንገሩኝና ላስተካክለው። ልብስ እንኳ ሲጠብ የት ጋ እንደጠበበ ይነገረኛል።"

"አይ፣ እንዲሁ ነው። ዕረፍት ነው" አልናት።

በሦስተኛው ቀን የመዘምራን ልብሷን አጥባና ተኩሳ መለሰችው። እሁድ ከኋላ ተቀመጠች። ጉባኤው ሁሉ ሲዘምር አፏ አልተከፈተም። ሰውየው ከመድረኩ ላይ ያንን ያያል፤ ያያልና ይረግጣል።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ቆየ። ከዚያ ፈዙ ተበላሸ። የሽቦ መሰኪያው ላላና ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ሰውየው ራዲዮና ቴፕ ወደሚጠግኑት ጋሽ ላፌቦ ይዞት ሄደ። ጋሽ ላፌቦ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ ተጫውተዋል። ከፍተው አዩት፣ በየዱት፣ ዘጉት። "በል ተጫወት፣ ልስማው" አሉት፤ ራሳቸውም በአፍንጫቸው አንድ ዜማ ያንጎራጉሩ ጀመር። ኪዩን አልተናገሩም።

የሰውየው እግር ወደ ፔዳሉ ሄደ። ሳጥኑ አጉረመረመ። ሽማግሌው ማንጎራጎራቸውን አቆሙ።

"ይህችን ማዞሪያ ለምን ዘጋሃት?"

"ድምፁ እንዲከብድ ነው፣ ጋሼ።"

"እኔን ነው? ሠላሳ ዓመት ቤዝ የመታሁትን? ይሄ መቼ ከበደ? ጩኸት ብቻ ነው፤ ታቹ የለም። ቤዝ የሚከብደው ጥሬው ከሥር ሲኖር ነው። ሻካራው ከላይ ይለበሳል እንጂ ብቻውን አይቆምም።" ማዞሪያዋን ወደ መሀል መለሷት። "እስቲ አሁን።"

መታ። አሁን በእርግጥ ከበደ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ራዲዮኖች ተንጫጩ። የተሳሳተው ኖታም እንደ ጥርስ ሕመም ጥርት ብሎ ተሰማ።

ጋሽ ላፌቦ አልሳቁበትም። "አሃ" አሉ ብቻ። ከዚያ፣ "ኪዩ ካልያዘልህ እጅህን ክሩ ላይ አሳርፈህ ዝም በል" አሉት። "አንድ ስንኝ ዝም ስላለ የተገደለ ቤዚስት አላየሁም። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው?"

"ከመጣሁ ጀምሮ።"

"ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት ሳይነቃብህ ቀረ?"

"ሌላ ሰው ላይ ተላከከ" አለ ሰውየው። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ጋሽ ላፌቦ ሳጥኑን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። "እሱን እኔ አልጠግነውም" አሉት።

በዚያው ከሰዓት ሰውየው ወደ መናኸሪያው ጀርባ ሄደ። እህት ዘውድነሽ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላለች። ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ስለ ኪዩም፣ ስለ ማዞሪያዋም፣ ስብሰባው ላይ ስላለውም። እሷ የጀመረችውን ስፌት እስከ ጫፉ ጨረሰች፤ ክሩን ቆረጠች።

"ለእኔ ብቻ ነው የምትነግረኝ?" አለች።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"እዚህ መኪናዬ ላይ ሆኜ እዘምር ነበር" አለች። "ደንበኞቼ ይስቁብኝ ነበር፣ ዩኒፎርሙን በመዝሙር ነው የምትሰፊው እያሉ። አሁን ልጀምር እልና ይሄኔ ወርጄ ይሆናል ብዬ እተወዋለሁ። ጆሮዬን አላምነውም። አንተ ስህተትህን ደበቅህ፤ እኔ ግን የቱ ትክክል እንደሆነ ጠፋኝ። ያሳረፋችሁኝ በሰው ፊት ነው፣ ወንድሜ። ይቅርታው በስፌት ቤት ነው?"

በቀጣዩ እሁድ፣ በማስታወቂያ ሰዓት፣ ሰውየው ፔዳሉን ነቅሎ ተነሣ። ታስታውሱ ይሆናል፤ ንግግሩ አጭር ነበር። "የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ፔዳሉ ስለሸፈነኝ እህት ዘውድነሽ ተከሰሰች፤ እኔም እያወቅሁ በእሷ ላይ መሰከርኩ" አለ። አንድ ሰው ከልማድ "አሜን" አለ፤ ከዚያ ደነገጠ።

ተመልሳ ዘመረች ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። አልዘመረችም። ልብሱን ወስደንላት ነበር፤ "ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ድምፄን ልወቀው" ብላ መለሰችልን።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ስለ ቤዝ ብዬ ነው? እናንተ ስንቶቻችሁ ቤዝ ትመታላችሁ? ግን የሚረገጥ ነገር የሌለው ማን ነው?

አባት ሆይ፣ ልጅህ "ለምን ዋሸህ?" ሲልህ "ለእኔ ነው እንዲህ የምትናገረው?" ብለህ ትጮሃለህ። ልጁ መጠየቁን ያቆማል። አንተም ልጄ ጨዋ ሆነ ትላለህ። እህቴ፣ ጥፋትሽ ሲነሣ ታለቅሻለሽ፤ የተበደለው ሰው ሊያጽናናሽ ይነሣል። እኛ ሽማግሌዎች የከበደ ጉዳይ ሲመጣብን "በጸሎት እንያዘው" እንላለን። ያዝነው? ስንቱን ጉዳይ ይዘን ቀረን?

እኔስ? እኔ የማላውቀውን ስጠየቅ የግሪክኛ ቃል እጥላለሁ። ጠያቂው ደንግጦ ይቀመጣል። ከዚህም የሚያሳፍር አለ። የምናገረውን ራሴ ማመኔ የሚጠፋብኝ እሁድ አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አትሮንሱን እየመታሁ የምሰብከው ያን ጊዜ ነው። እናንተም "ዛሬ መንፈስ ነበረበት" ትሉኛላችሁ። ጥርጣሬዬን ብነግራችሁ የተሻለ ነበር። ከእናንተ መካከል እንደኔ የሚጠራጠር፣ ግን "ፓስተር እንዲህ እያመነ እኔ ምን ነካኝ?" ብሎ ራሱን የሚከስ ሰው አለ። ያንን ሰው እኔ ነኝ ያሳትኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ቀርቶኛል። ሰውየው ከተናዘዘ በኋላ እኛ አምስታችን ተሰብስበን ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ ምን ጻፍን? "ወንድማችን በድፍረት ስለተናዘዘ እግዚአብሔርን አመሰገንን" ብለን ጻፍን። እጃቸውን ያነሡት እነማን እንደሆኑ አልጻፍንም። "ምኔ ነው የተበላሸው?" ስትለን መልስ የነፈግናት እኛ መሆናችንን አልጻፍንም። የእሱን ኑዛዜ ከላይ ለበስነውና ተሸፈንን። አምስት ወር ሆነው።

እህት ዘውድነሽ፣ ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠሻል። አንቺን ሳንሰማ፣ የተማረ ሰው ተናገረ ብዬ እጄን መጀመሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንቺ አልተበላሸሽም። ይህን የሚነግርሽ ሰው አስቀድሞ ያስፈልግሽ ነበር፤ አልነገርኩሽም።

እናንተም በየቤታችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ዝም ያለውን ሰው አስቡት። ድሮ ይናገር የነበረውን፣ ይስቅ የነበረውን፣ ይዘምር የነበረውን። ዝም ያሰኘው ማን ነው? መልሱን ካወቃችሁት "ከአምልኮ በኋላ እሄዳለሁ" አትበሉ። መዘምራኑ ትንሽ ይቀመጡልን። የምትሄዱበት ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ተነሡ፤ ውጭ ከሆነም በሩ አልተዘጋም።

እኔ ወደ ሦስተኛው ረድፍ እየወረድኩ ነው።