ንጹሕ የተባለው በሬ

ተረት ተረት! የሰንጋ በረት።

ቦራና ዳለቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ለበዓል ሊታረዱ ባንድ ገንዳ ይደልቡ ነበር። ባለቤታቸው ግን ቦራ ሳያይ የሚያወፍር መርፌ ዳለቻን ብቻ ይወጋው ነበር። ዳለቻ እንደ ጎተራ ተነፋ። ነጋዴው ሁሉ እሱን እየደባበሰ ሲያደንቅ፣ ቦራ ከቅናቱ የተነሳ ድርቆሹ አልዋጥልህ አለው።

"ባንድ ገንዳ እየበላን አንተ ብቻ እንዲህ የምትገዝፈው ምን አግኝተህ ነው?" አለው።

"ዘር ነው ወንድሜ! አባቴም እንዲሁ ነበር" አለ ዳለቻ።

በዓሉ ቀርቦ ቄራ ደጃፍ ሲደርሱ፣ የቄራው የከብት ሐኪም የሁለቱንም ሽንት በብልቃጥ ቀድታ ወደ ላቦራቶሪ ላከች።

ብልቃጦቹ ሲመለሱ የዳለቻው፣ "ይሄ ውፍረት የዘር አይደለም፤ የመርፌ ነው" አለ።

የቦራው ደግሞ፣ "የኔው ንጹሕ ነው" አለ።

ሐኪሟም ዳለቻን "መድኃኒቱ ከደሙ እስኪወጣ አይታረድም" ብላ ከአጥሩ ውጭ አሳሰረችው። የቦራን ሽንጥ ሰማያዊ ቀለም ቀብታ በሩን አስከፈተችለት።

ቦራ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "አየህ ዳለቻ? ዛሬስ የተመረጥኩት እኔ ነኝ!" እያለ ገባ።

ዳለቻን ቅናት አንገበገበው። "ለምን እሱ ብቻ?" እያለ ገመዱን ሲጎትት፣ የቄራው በር ከቦራ ኋላ ተዘጋ።