ቅርብ ነው የተባለው ምንጭ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንዱ የሌላውን እግር ሳይረግጥ። በድሮ ጊዜ፣ ድንጋይ ሳይቀር ጎረቤቱን «እንደምን አደርክ» ይል በነበረበት ዘመን፣ አንዲት እመት ሚዳቋ ነበረች። እግረ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ደግሞም እንግዳ ማስከፋት የማይሆንላት። ከአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ ከአንዲት ልጇ ጋር ትኖር ነበር።

ያን ዓመት በጋው ረዘመ። ወንዙ ደረቀ፣ ኩሬው ደረቀ፣ በመጨረሻ የእመት ሚዳቋ ጡት ደረቀ። ልጇ ትጠባለች፣ ትጠባለች፣ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን ታያታለች።  

ውሃ የቀረው ተራራው አናት ላይ ባለች አንዲት ምንጭ ብቻ ነው። ምንጯ ደግሞ ትንሽ ናት፤ አንዱ ወገን ጠጥቶ ሲነሳ ለሚቀጥለው የሚተርፈው ጭቃ ነው። ማን ይቅደም ተባለና እንስሳቱ ሊፋጁ ሆነ። ነገሩ አያ አንበሶ ዘንድ ቀረበ። አያ አንበሶም ሲሰማ እጅግ አዘነ፤ ያዘነው ከእንቅልፉ ስለቀሰቀሱት ነው። ከዚያ ብዙ ሳያስብ፣ መቼም ብዙ ማሰብ ልማዱ አልነበረም፣ ፍርዱን ሰጠ።

ከየወገኑ አንድ ሯጭ ይውጣ አለ። መጀመሪያ ወደ ዋርካው ሄዶ ቅጠል ይያዝ፤ ከዚያ ወደ ቀዩ ዋሻ ሄዶ ግንባሩን በዋሻው አፈር ይቀባ፤ ከዚያ ምንጯ ዘንድ ይድረስ። ቀድሞ የደረሰ ሯጭ ወገኑ ክረምት እስኪገባ ቀድሞ ይጠጣል። መንገድ የሚያሳይ የለም፤ መንገዱን ፈልጎ ማግኘት የሯጩ ፈንታ ነው። አያ አንበሶ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ እግሩን እንዳይደክመው አህያ ላይ ወጥቶ ወደ ምንጯ ቀድሞ ሄደ። ዳኛ አይሮጥማ።

የሩጫው ቀን ብዙዎቹ እግራቸውን አመማቸው። የቀረቡት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ጌታው ዋሊያ ነው። እኔ ገደል ላይ ተወልጄ ገደል ላይ ያደግሁ ነኝ፣ ይህ ተራራ ያውቀኛል ይል ነበር፤ ተራራው ግን ዝም አለ። ሁለተኛው አያ ጅቦ ነው። እሱ እንኳ የመጣው ለመቅደም አይደለም፤ ሌሎቹ ሲደክሙ አጠገባቸው ለመገኘት ነው። ሦስተኛዋ እመት ሚዳቋ ናት። ልጇን ለጎረቤቷ ለእመት ጃርት አደራ ሰጥታ፣ እግዜር ያውቃል ብላ መጣች።

እመት ጦጢት ደግሞ ለውለታ ብላ በቁራጭ ቆዳ ላይ ካርታ ሣለችላቸው። ተራራውን ወጥታው አታውቅም፤ ግን ከዛፏ ጫፍ ሆና ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ካርታውም እንደ ሠዓሊዋ አፈኛ ነበር። ዋሊያ ዋርካው ስንት ይርቃል ብሎ ቢጠይቀው አንድ ጣት ነው አለው። ዋሻውስ? ሌላ ጣት። ምንጯስ? ግማሽ ጣት።

«ለዚችው ነው እንዴ እንዲህ የተሰበሰብነው?» አለ ዋሊያ።

ሮጡ። ዋርካው እውነትም አልራቀም፤ ሦስቱም ደርሰው ቅጠላቸውን ያዙ። እመት ሚዳቋ ቅጠሏን ጆሮዋ ሥር ሻጥ አደረገች። እዚያ ሆነው ወደ ዋሻው ስንት ይቀራል ብለው ዋርካውን ጠየቁት። ዋርካው ከበቀለ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ግን እንግዳ ጠይቆት አላውቅም ማለት ነውር ሆነበት።

«ቅርብ ነው» አለ፤ «ከዚያች ጉብታ ወዲያ ነው።»

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ከጥላው ሥር ዘፍ አለ። ቅርብ ከሆነ ምን ያስቸኩላል፣ ስትመለሱ ቀስቅሱኝ ብሎ አንኮራፋ። ዋሊያም ቅርብ ከሆነ ጉልበት ማስቀረት ለምን ብሎ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወነጨፈ። እመት ሚዳቋ ከኋላው ተከተለች።

ከጉብታዋ ወዲያ ሌላ ጉብታ ነበረ። እዚያ ቁጭ ያለውን ድንጋይ ጠየቁት። ድንጋዩ ከላይ ተንከባሎ የወረደ ነውና መንገዱ እጅግ አጭር መስሎት ቀርቷል። ቅርብ ነው፣ አይዟችሁ አላቸው። ከዚያኛው ጉብታ ወዲያ ሌላ ጉብታ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ። ዋሊያ ከእመት ሚዳቋ ዓይን ራቀ፤ ጠፋ። 

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋሊያ ከላይ ወደ ታች ሲመጣ አየችው። ላቡ ይንጠባጠባል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምነው ጌታዬ፣ ጨረሱ እንዴ?» አለችው።

«ዋሻውን አልፌዋለሁ» አለ። «ቅርብ ነው ተብሎ ይህን ያህል ተሮጠ? ከኋላ ጥለነው መጥተናል። ተመለሺ።»

እግሯ እሺ አለ። እግር መቼም ተመለስ ሲሉት ይወዳል። ልትዞር ስትል ግን አምና የሆነው ትዝ አላት። ኤሊ በደጇ ስታልፍ ወንዙ ስንት ይርቃል ብላ ጠይቃት ነበር። እመት ሚዳቋ አንጀቷ አልችል ብሎ ቅርብ ነው አለቻት። ኤሊ ከወንዙ ስትመለስ ወቅቱ ተለውጦ ነበር፤ በደጇም ሰላም ሳትል አለፈች። እመት ሚዳቋ ያን ጊዜ ምን በደልኳት ብላ ተቀይማ ነበር።

አሁን ገባት። «እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም ያልኳት» አለች በልቧ። «እነዚህም ክፉዎች አይደሉም። ወይ ጉዴ።»

ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት አሮጊት ጭላዳ ሣር ትነጫለች። እመት ሚዳቋ ቀርባ እጅ ነሳች፤ ጤናዋን ጠየቀች፣ የልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿን፣ የዓመቱን ሣር። ከዚያ ወደ ዋሻው ልሄድ ነበር አለች።

«ቅርብ ነው ልጄ።»

«እሱንስ ሰምቻለሁ እናቴ። እናንተ ወደዚያ ስትሄዱ ስንቅ ትይዛላችሁ?»

«ውይ፣ ያለ ስንቅማ ማን ይደፍራል? ማደሪያ የሚይዝልንም አስቀድመን እንልካለን።»

«ከዋሻው ወደ ምንጯስ?»

«እሱንማ የሚሄደው ለነፍስ አባቱ ተናዝዞ ነው።» አሮጊቷ የሚዳቋን ፊት አየችና አዘነችላት። «ግን ቅርብ ነው፤ አይዞሽ።»

እመት ሚዳቋ አመስግና ዋሊያን ተጣራች። ጌታዬ ሩቅ ነው አሉ፣ ገና አላለፉትም አለችው። ዋሊያም ቆጣ ብሎ ዞረ።

«ለማን ነው ሩቅ የምትይው? ለእኔ? ምቀኛ።» ወርዶ ሄደ።

እሷ ግን ቁጭ ብላ ሣሯን በላች፤ አገር ሰላም ነው እንደሚል ሰው እያላመጠች። ከዚያ ተነስታ ሳትሮጥም ሳትቆምም ወጣች። አረፈች፣ ጤዛ ላሰች፣ ወጣች። ጉብታ ባለፈች ቁጥር ሌላ ጉብታ ታየ፤ እሷ ግን ሩቅ መሆኑን አውቃ ስለመጣች አንዱም አላስደነገጣትም። ዋሻው ደረሰች፤ ግንባሯን ቀባች። አረፍ ስትል ልጇ ቀና ብላ የምታየው አስተያየት ፊቷ ድቅን ይልና ትነሳለች።

ምንጯ ዘንድ ስትደርስ አያ አንበሶ ተኝቷል። አህያው ቀስቅሶ ነገረው። አያ አንበሶ ቅጠሏን አየ፣ ግንባሯን አየ፣ አዛጋ።

«ቅርብ ነው፣ አይደለም?» አላት።

እመት ሚዳቋም ጥርሱን አየች።

«ቅርብ ነው ጌታዬ» አለች።

ፈረደላት። ጠጣች፤ ጡቷ እንደገና ሞቀ። ወርዳ ልጇን አጠባች፤ ከዚያ ወገኖቿን አስከትላ ወደ ምንጯ መንገድ ጀመረች። ገና ከዋርካው ሳያልፉ ልጂቷ አፏን ከፈተች።

«እማዬ፣ ቅርብ ነው?»

የእናት አንጀት ነውና ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«ሩቅ ነው የኔ ልጅ። እዚህ እንረፍ፤ ጥቢና እንሄዳለን።»

ልጂቷ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ጠባች፣ አረፈች፣ ተነሳች። እንዲህ እያሉ ምንጯ ዘንድ ደረሱ፤ ልጂቷም በራሷ እግር ቆማ ጠጣች።

ዋሊያ ግን ያለፈውን ዋሻ ሲፈልግ ቀረ። ዛሬም ከገደል ገደል የሚንከራተተው እሱኑ ፍለጋ ነው ይባላል። አያ ጅቦም ከዋርካው ሥር ሲነቃ መሽቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ ማታ ማታ የሚጮኸው ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም እያለ ነው። እመት ሚዳቋስ? ከዚያ ወዲህ መንገድ ለጠየቃት ሁሉ ሩቅ ነው፣ ስንቅ ያዙ ትል ጀመር። ምን ያለች ደረቅ ናት፣ ቅርብ ነው ብትል ምን ይጎድልባታል ብለው አሟት። እሷም ሰለቻትና፣ ይኸው ዛሬ ሰው ስታይ ገና ሳይጠይቃት ትሮጣለች።

እናንተም ልጆቼ፣ መንገደኛ ሲጠይቃችሁ እንዳለ ንገሩት። መንገዱን የዘረጋው እግዚአብሔር ነው፤ በእናንተ ደግነት አንድ ስንዝር አያጥርም። በሉ ተነሱ፣ ወደ መኝታችሁ። እሱ እንኳ እውነትም ቅርብ ነው።