የክርስትና እናትና ዳገት አልወጣ ያለችው ታክሲ

ጆሮ ያላችሁ አቅርቡ፣ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ዛሬ የማወራችሁ ዳገት አልወጣ ስላለች አንዲት ታክሲ ነው።

እትዬ አሰገደች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ጎረቤታቸው ሴት ልጅ በተገላገለች ጊዜ ታዲያ «እትዬ፣ የክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ያን ዕለት እትዬ አሰገደች ጓዳ ገብተው አለቀሱ፤ የደስታ ነው። የክርስትናዋ እሑድ ሲደርስ የሕፃኗን ነጭ ቀሚስና ማተብ በሻሽ ጠቅልለው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ የእሳቸው ጉልበት ደግሞ ከዳገት ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ስለዚህ የሰፈሩን ባለታክሲ የምናሉን አሮጌ ታክሲ ተሳፈሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ቄሱ «የክርስትና እናት!» ብለው ሲጣሩ እዚያ መገኘት። ካልተገኙ ሌላ ሴት ታቅፋታለች፤ ያቀፈቻት ደግሞ እናቷ ሆና ትቀራለች።

ምናሉ መንገዱን ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው እጅ እየነሳ ነዳ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ፤ ታክሲዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች።

«ነዳጁ ውሃ ሳይኖረው አይቀርም» አለ ምናሉ። «ወይ ደግሞ ዳገቱ አድጓል።»

«ዳገት ያድጋል እንዴ አንተ!» ብለው እትዬ አሰገደች ወረዱ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ታክሲዋን ራሷን ይለምኗት ጀመር። «እባክሽ እናቴ፣ ዳገቱን ውጪልኝ። አንቺ አልወጣ ብለሽ፣ እኔ ዳገት ሥር ቀረሁ፤ ልጄ በሌላ ሴት እቅፍ ልትጠመቅ ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች ታክሲዋ። «ጎማ አልዞር ብሎኛል።»

ወደ ጎማው ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው ቋ አለ። «ጎማ፣ ዙር እንጂ! አንተ አልዞር ብለህ፣ ታክሲ አልወጣ ብላ፣ እኔ ዳገት ሥር ቀረሁ፤ ልጄ በሌላ ሴት እቅፍ ልትጠመቅ ነው።»

«ብቻዬን በምን አቅሜ?» አለ ጎማ። «ማርሽ ጉልበት አልሰጥ ብሎኛል።»

«ማርሽ፣ ጉልበት ስጥ! አንተ አልሰጥ ብለህ፣ ጎማ አልዞር ብሎ፣ ታክሲ አልወጣ ብላ፣ እኔ ዳገት ሥር ቀረሁ፤ ልጄ በሌላ ሴት እቅፍ ልትጠመቅ ነው።»

«ይኸው አንደኛ ገብቼ ቁጭ ብያለሁ» አለ ማርሽ። «የሞተሩ ጩኸት ይደርሰኛል፤ ጉልበቱ ግን አይደርሰኝም። መሃላችን ያለው ፍሪሲዮን አልይዝ ብሏል።»

ያን ጊዜ እትዬ አሰገደች አፍንጫቸውን ያዙ። የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ነው። «ፍሪሲዮን፣ ያዝ እንጂ! አንተ አልይዝ ብለህ፣ ማርሽ ጉልበት አልሰጥ ብሎ፣ ጎማ አልዞር ብሎ፣ ታክሲ አልወጣ ብላ፣ እኔ ዳገት ሥር ቀረሁ፤ ልጄ በሌላ ሴት እቅፍ ልትጠመቅ ነው። ደግሞስ ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ እኔው ነኝ!» አለ ፍሪሲዮን አልቅሶ። «ፔዳል ሲረገጥ እለቃለሁ፣ ፔዳል ሲመለስ እይዛለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። አሁን ግን ፔዳሉ ግማሹን ተረግጦ ይውላል፤ ሳልይዝም ሳልለቅም ስንሸራተት ተቃጠልኩ። ሞተር እየጮኸ መኪና ካልሄደ፣ እንዲህ ያለ ሽታም ከመጣ፣ ነዳጁን አትሙት፤ የታመምኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ካረፍኩና ፔዳል ከተመለሰልኝ፣ ይህችን አንዲት ዳገት አላሳፍርዎትም። ከዚያ ግን ወደ ጋራዥ!»

«ፔዳል፣ ተመለስ! አንተ አልመለስ ብለህ፣ ፍሪሲዮን አልይዝ ብሎ፣ ማርሽ ጉልበት አልሰጥ ብሎ፣ ጎማ አልዞር ብሎ፣ ታክሲ አልወጣ ብላ፣ እኔ ዳገት ሥር ቀረሁ፤ ልጄ በሌላ ሴት እቅፍ ልትጠመቅ ነው።»

«በየት በኩል ልመለስ?» አለ ፔዳል። «ምናሉ እግሩን አላነሳ ብሎኛል። መንገዱን ሁሉ ቆሞብኝ ነው የመጣው!»

እትዬ አሰገደች ቀና ሲሉ፣ ለቅዳሴ የሚወጡ አንድ ሽማግሌ በታክሲዋ አጠገብ አለፉ። ምናሉ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ ተክሎ ከወንበሩ ብድግ አለና «ኖር አባባ!» አላቸው። ፔዳሉ ሲጥ አለ። ሌላ ሽማግሌ መጡ፤ አሁንም ብድግ፣ አሁንም ሲጥ።

«ኧረ ጉድ ነው!» አሉ እትዬ አሰገደች። «እየነዳህም እንዲህ ነው የምትነሳው? አንተ እግርህን አላነሳ ብለህ፣ ፔዳል አልመለስ ብሎ፣ ፍሪሲዮን አልይዝ ብሎ፣ ማርሽ ጉልበት አልሰጥ ብሎ፣ ጎማ አልዞር ብሎ፣ ታክሲ አልወጣ ብላ፣ እኔ ዳገት ሥር ቀረሁ፤ ልጄ በሌላ ሴት እቅፍ ልትጠመቅ ነው!»

ምናሉ ፊቱ ቀላ። «ታዲያ ሽማግሌ ሲያልፍ ተቀምጬ ልቅር እትዬ? ስድ ያሰኙኛል እኮ! ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው፤ ዳገቱ ሙሉ ሽማግሌ ነው። እነሱ ተቀመጥ ካላሉኝ እንዴት አድርጌ እቀመጣለሁ?»

ከመንገዱ ዳር አባባ ወልደሰንበት ድንጋይ ላይ አርፈዋል። በሰፈሩ የእሳቸውን ያህል ዕድሜ ያለው የለም፤ የእሳቸውን ያህል ቁጡም የለም። እትዬ አሰገደች አጠገባቸው ሄደው እጅ ነሱ።

«አባባ፣ ተቀመጥ ይበሉልኝ። እርስዎ ተቀመጥ ሳይሉት፣ ምናሉ እግሩን አላነሳ ብሎ፣ ፔዳል አልመለስ ብሎ፣ ፍሪሲዮን አልይዝ ብሎ፣ ማርሽ ጉልበት አልሰጥ ብሎ፣ ጎማ አልዞር ብሎ፣ ታክሲ አልወጣ ብላ፣ እኔ ዳገት ሥር ቀረሁ፤ ልጄ በሌላ ሴት እቅፍ ልትጠመቅ ነው።»

«አይሆንም!» አሉ አባባ። «ጥርሴ ሄደ፣ ዓይኔ ሄደ። የቀረኝ ሰው ሲያየኝ ብድግ ማለቱ ነው። እሱንም ውሰጂው በይኛ!»

«አባባ፣» አሉ እትዬ አሰገደች፣ «እኔ አልወለድኩም። እቤቴ ውስጥ እማዬ የሚል ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ዛሬ ከደረስኩ ይሰማል። ካልደረስኩ...» ሻሹን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

አባባ ወልደሰንበት እጃቸውን ዘርግተው ሻሹን ዳሰሱ። ከዚያ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ተነሥቶ ያከበረኝስ ሞልቷል» አሉ፤ «ተቀምጦ የሚያከብረኝ ደግሞ ዛሬ ይኑር።» ወደ ታክሲዋም ዞረው «በእግዜር፣ ምናሉ! ተቀመጥ! በሞቴ እንዳትነሣ!» ብለው ጮኹ።

በሞቴ ከተባለ ማን እምቢ ይላል? ምናሉ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎችም ሰምተው ለሚቀጥሉት አቀበሉ፤ «በእግዜር! ተቀመጥ!» የሚለው ቃል ከአፍ አፍ እየዘለለ ከታክሲዋ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። እትዬ አሰገደች ተሳፈሩ።

አባባ ተቀመጥ ሲሉ፣ ምናሉ እግሩን አነሣ። ምናሉ እግሩን ሲያነሣ፣ ፔዳል ተመለሰ። ፔዳል ሲመለስ፣ ያረፈው ፍሪሲዮን ያዘ። ፍሪሲዮን ሲይዝ፣ ማርሽ ጉልበት ሰጠ። ማርሽ ጉልበት ሲሰጥ፣ ጎማ ዞረ። ጎማ ሲዞር፣ ታክሲ ዳገቱን ወጣች! ግራና ቀኝ ሽማግሌዎቹ «በእግዜር! በእግዜር!» ይላሉ፤ ምናሉ አንገቱን ብቻ ዝቅ እያደረገ፣ ግራ እግሩን ወለሉ ላይ አሳርፎ ይነዳል። «ነገ በጠዋት ጋራዥ እወስድሃለሁ» አለው ለፍሪሲዮኑ።

እትዬ አሰገደች በር ከፍተው ሲወርዱ፣ ቄሱ «የክርስትና እናት ማን ናት?» ብለው ሁለተኛ እየተጣሩ ነው። አንዲት ዘመድ ሕፃኗን ለመቀበል እጇን ዘርግታለች። ወላጇ ግን ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሩን በሩን ታያለች።

«እኔ ነኝ!» አሉ እትዬ አሰገደች፣ ጉልበታቸውን ረስተው እየሮጡ። «መጣሁ! እናቷ እኔ ነኝ!»

ሕፃኗ ተጠመቀች፤ ውሃው ቀዝቅዟት አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች። እትዬ አሰገደች ነጩን ቀሚስ አልብሰው እቅፋቸው ውስጥ ሸጎጧት። «አይዞሽ፣ እማዬ አለችልሽ» አሏት። ልጅቷም ዝም አለች።

እኔም ተረቴን ዳገት አውጥቼ አቆምኳት፤ ደክሞኛልና አንድ ቁራሽ ድፎ አቀብሉኝ።