ሐይቁ የፈቀዳት አንዲት ቤት

እናንተ ሰዎች፣ ጠጋ ጠጋ በሉማ! አጭር ናት፤ የቆመው ሰው እግሩ ሳይዝል ታልቃለች። ክርክሩ ከረዘመ ግን የእኔ ጥፋት አይደለም።

በአንድ ወቅት አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ነበረች። ለአርባ አባወራ አዲስ ሰፈር ልትሠራ ደፋ ቀና ስትል ሐይቁ አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሣውም ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። የከተማው ሽንት ቤት፣ የገበሬው ማዳበሪያ፣ ሁሉም በወንዙ ወርዶ እዚያው ነበር የሚገባው። ከተማዋ ያስጠራቻት ኢንጂነር መጥታ ውሃውን ቀድታ መረመረች።

"ይሄ ውሃ ጠግቧል" አለች። "የሚገባውን ቆሻሻ ካልቀነሳችሁ አንድም ቤት አይጨመርም። በቀነሳችሁት ልክ ትሠራላችሁ።"

ማዘንጊያ ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ሰባት ክራይ ቤት የቀያየረች ቄጤማ ሻጭ ናት። "እስከ ዛሬ ሰው ነበር የሚከለክለን፤ አሁን ደግሞ ውሃ ጀመረን!" አለች።

አያ ሙጨ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው በእሳቸው ማሳ በኩል ነው። "ማሳዬን ውሰዱት፤ ውሃው ይረፍበት" አሉ። ልጆቻቸው "አባባ፣ እኛስ የት ጎጆ እንውጣ?" ቢሏቸው፣ "ዓሣ የሌለበት ሐይቅ ዳር ጎጆ ምን ሊረባችሁ!" ብለው በሬዎቻቸውን ፈቱ።

ይርሳው የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪም ነበር፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ላስቲክ ወጥሮ የሚያድር። ያለ ደሞዝ ሦስት ወር ማሳውን ቆፈረ፣ የወንዙን ጉልበት ሰብሮ ውሃውን በማሳው ላይ በተነው፣ ውሃውን የሚያጣራ ቄጤማም አንድ በአንድ ተከለ። "ይርሳው፣ ጭቃዋን ልታገባት ነው እንዴ?" ይሉታል። "ምን አለበት! እሷ እንደሆነች ክራይ አትጠይቀኝ" ይላል።

ቄጤማው አማረ። አዲሱን ሰፈር የሚያሠራው ኮሚቴም "የነካው ወዮለት!" ብሎ ዘበኛ አቆመ።

እንግዲህ ማዘንጊያ ምን ትሁን? ድሮ የምታጭድበት ዳርቻ ሁሉ በአረንጓዴው አተላ ተውጧል። በዓል ደግሞ ደርሷል፤ የሰው ቤት ወለሉ ባዶውን ሊውል ነው? በማለዳ ማሳው ውስጥ ገብታ አጨደች። ዘበኛው ማጭዷን ቀማት። ለገና በሌላ ማጭድ መጣች፤ እሱንም ቀማት። ለፋሲካ ከዘበኛው ጎጆ ማዶ ዞራ፣ በባዶ እጇ እየገነጠለች ተሸከመችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ አታፍሪም?" አላት ዘበኛው ከማዶ።

"ቄጤማ ማጨድ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያሳፍረው? እናትህ ቤት በበዓል ምን ተጎዝጉዞ ነው ያደግኸው?"

ዘበኛው ወደ ጎጆው ተመለሰ። እሷም በየበዓሉ፣ በየሰርጉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያው በማዶ እየዞረች ወሰደች።

ከዚያ ኢንጂነሯ ተመለሰች። በዘበኛው ጎጆ በኩል ማንም ያልነካው ቄጤማ ወድቆ ውሃው ውስጥ በስብሷል፤ አፍንጫ ያስይዛል። በማዶ ግን ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይቆጠራል።

"ቄጤማ ቆሻሻውን ይበላል" አለች። "ካልታጨደ ግን ይበሰብስና የበላውን መልሶ ይተፋዋል። በማዶ ያጨደው ማነው?"

ዘበኛው ሁለቱን ማጭዶች ይዞ መጣ። "ሌባዋ ናት" አለ።

ኢንጂነሯ ለካች፣ ደመረች። "የቀነሳችሁት ለአንድ ቤት ብቻ ይበቃል" አለች። አርባ ቤት የጠበቀ ሕዝብ አንድ ቤት ሲባል ሊስቅም ሊያለቅስም ከጀለው።

ቤቷ ለማን ትሰጥ ብሎ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ።

"ማሳዬ ባይኖር ቄጤማው አየር ላይ ይበቅል ነበር?" አሉ አያ ሙጨ። "ልጆቼ እኮ መሬት አልባ ቀሩ።"

"ማሳው ብቻውን ምን ሊሠራ?" አለ ይርሳው። "ወገቤ እስኪጎብጥ የለፋሁት ሐይቁን ብዬ ነው። እሷ ለገበያዋ ነው!"

ሊቀመንበሩ ወደ ማዘንጊያ ዞሩ። "ለመሆኑ ሐይቁን አስበሽ ነው ያጨድሽው?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! እንጀራዬን አስቤ ነው።"

"እንግዲያው የተከለከለ ነክተሻልና በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቂ። ያን ጊዜ ስምሽን ለቤቷ ከሁለቱ ጋር እንጽፋለን።"

ሰዉ ሁሉ አፍ አፏን አየ። አንዲት ቃል ናት፤ ካለቻት ስምንተኛ ክራይ ቤት ላትፈልግ ትችላለች።

እስቲ ፍረዱ፤ ቤቷ ለማን ትገባለች? መሬቱን ለሰጡት? ቆፍሮ ለተከለው? ወይስ አትንኪ ስትባል ላጨደችው? እኔ የማውቀው ማዘንጊያ የመለሰችውን ብቻ ነው፦

"ይቅርታ አልልም። ሌባ በሉኝ፤ ውሃውን ያጠራው ግን ስርቆቴ ነው።"