ከጎረቤት የተበደረው ቅቤ

አንድ ሰው ነበረ። ነጋዴ በሚያልፍበት መንገድ ዳር የእንግዳ ማደሪያ ሊከፍት ተነሣ። ሚስቱ ግን፣ «በእንግዳ ንብረት ላይ አንድ ነገር ቢደርስ የልጆቼ ቤት ሊሄድ ነው?» እያለች እንቅልፍ ነሳችው። ስለዚህ በገበያ ቀን ዳኛው ፊት ቆሞ አስነገረ፤ «ማደሪያው ለብቻው ነው፣ መኖሪያ ቤቴ ለብቻው ነው። ማደሪያው ለሚያደርሰው ጥፋት ማደሪያው ያለውን ሁሉ ይከፍላል፤ መኖሪያ ቤቴና በሬዎቼ ግን አይጠየቁም።» ዳኛውም፣ «አንተ ራስህ እስካልቀላቀልካቸው ድረስ ይሁን» አሉት።

ሰውየው ይህችን ቃል ከልቡ ያዛት፤ እንዲያውም አበዛው። በማደሪያው አህያ የቤቱን ውሃ አይጭንም። የማደሪያው ወንፊት ከማደሪያው አይወጣም። እዚያ ምሳ ከበላ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይከፍላል። የሰፈሩ ሰው ሳቀበት። እኔም ብኖር እስቅበት ነበር።

አንድ ክረምት የማደሪያው ጋጣ ተደርምሶ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ስድስት በቅሎዎች ሞቱ። ጣራው አርጅቶ ስለነበር ጥፋቱ የማደሪያው ነው፤ ሰውየውም አልካደም። ማደሪያውን ከነዕቃው አስረከበ። ነጋዴው ግን ይህ አልበቃው ብሎ መኖሪያ ቤቱንና በሬዎቹንም ጠየቀ።

«ቃል ማስነገር ማንን ያቅተዋል?» አለ ለዳኛው። «ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። ከአንዱ ቤት እያወጣ በሌላው ሲበላ ኖሯል። ጎረቤቱ ትመስክር።»

ጎረቤቲቱን የመረጣት ሰውየውን ስታማው ሰምቶ ነው። እሷም ሆዷ ውስጥ የቆየውን ሁሉ ዘረገፈችው። «ይህ ንፉግ» አለች፣ «ሚስቱ አራስ ሆና ለገንፎዋ ቅቤ ሲያልቅባት፣ በማደሪያው ማሰሮ ሙሉ ቅቤ ተቀምጦ ከእኔ ቤት መጥቶ ተበደረ። ሁለት ቤት ያለው ሰው ከእኔ ይበደራል?»

ዳኛው ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንግዲህ ሁለት ቤት መሆናቸውን የራስህ ምስክር ነገረችን» ብለው የነጋዴውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ። ሚስትየዋ እዚያው ችሎቱ መሐል እልል አለች። ሰውየው ወደ በሬዎቹ ተመለሰ፤ አረሰ፣ አመረተ፣ በሁለተኛው ዓመት በዚያው መንገድ ዳር ሌላ ማደሪያ ከነአዲስ ጋጣው ከፈተ። የመጀመሪያው እንግዳ ያው ነጋዴ ነበር፤ በዚያ መንገድ ከእሱ የበለጠ የሚታመን ባለ ማደሪያ አላገኘም።

አየሽ ጥሩወርቅ፣ «እንግዳ ማረፊያዬን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርጌ ካስመዘገብኩ ቤቴ አይነካም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የምዝገባው ወረቀት ሰውየው በገበያ ያስነገረው ቃል ነው፤ ያለሱ አትጀምሪ። ቃሉን ያጸናው ግን ያ ቅቤ ነው። አንቺም የማረፊያውን ገንዘብ በራሱ የባንክ ሒሳብ አስቀምጪ፤ አንሶላውን ለእህትሽ ሰርግ እንግዶች አታውሺ፤ በማረፊያው መኪና ልጆችሽን ትምህርት ቤት አታመላልሺ። ዘመዶችሽ ንፉግ ይሉሻል። ይበሉ። ክፉ ቀን ከመጣ ቤትሽን የሚያድኑልሽ ምስክሮች እነሱ ናቸው።