በሕግ የሞተው ነጋዴ

በሕግ የሞተ አንድ ሰው ነበረ። ምንዳዬ፣ የማዶውን ግዛት ሕግ እንዳለ ብንቀዳውስ ብለህ ጠይቀኸኛልና በእሱ ልመልስልህ።

ሰውየው የጨው ነጋዴ ነበር። ቆላ ወርዶ ንዳድ ጣለው፤ ታሞ ሳለ ቀን መቁጠር ተወ። በአገሩ ሕግ ዓመት የጠፋ ሰው ተዝካሩ ይወጣል፤ ተዝካሩ የወጣ ሰው ደግሞ ሞቷል። ቢመጣም በስሙ አይጠራም፤ ያነጋገረው ከርስቱ ይነቀላል። ነጋዴው ይህ በሌሎች ላይ ሲፈጸም አይቶ፣ ደግ ሕግ ነው ይል ነበር።

በጠራራ ፀሐይ መንደሩ ገባ። ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው፤ ቀና ያለ ግን የለም። ወንድሙን ማሳ ላይ ሲያርስ አገኘው።

«እኔ ነኝ እኮ» አለው።

ወንድሙ እርፉን ሳይለቅ በሬውን አናገረ። «ቦራ፣ ነፋሱ ዛሬ ወሬ አበዛ። እዚህ የሚጠብቅህ የለም በለው።» ትልሙ ግን ጠመመ።

ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ደጃፍ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ፊት ለፊቷ ሲቆም እንዝርቷ ቆመ፤ ዓይኗ ግን በደረቱ አልፎ ከኋላው ያለውን ኮረብታ አየ። ነጋዴው ጥላው መኖሩን ለማረጋገጥ ወደ መሬት ተመለከተ።

ወንዙን ተሻግሮ ወደ ማዶው ግዛት ሄደ። እዚያ መቃብሩ ያልታየ ሰው አይሞትም። ዳኛው ስሙን ጠይቆ በስሙ ጠራውና «እዚህ ሕያው ነህ፤ ቁጭ በልና ብላ» አለው። ስሙ ሲጠራ ሰምቶ አለቀሰ።

ምሳ ባበሉት ቤት ማንም የማይተኛበት አልጋ ተነጥፎ አየ። በጎረቤቱም ቤት እንዲሁ፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለውም እንዲሁ። ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ክንዱን ያዘችው።

«ልጄ፣ ባሌን መንገድ ላይ አላየኸውም? ጎረምሳ ነው፤ ጢም እንኳ አላበቀለም።»

ሴትዮዋ በሕጉ እስከዛሬ የዚያ ጎረምሳ ሚስት ናት። ሌላ ማግባት ቀርቶ ለእሱ ማልቀስም ተከልክላለች። ነጋዴው ያን ጊዜ ገባው፤ የአገሩ ሰዎች ሕጋቸውን ያወጡት እንዲህ ያለችውን ሴት አይተው ነው። የማዶዎቹም ያወጡት እንደ እሱ ያለውን ሰው አይተው ነው።

ወንዙ ዳር ወርዶ ተቀመጠ። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ከወዲያ መጣች። ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ እዚያ ቆማ ብትመልስለት ርስቷን እንደምታጣ አስቦ መልሶ ዘጋው። ቤቷ ብትመለስ መሬቱ የእሷ ነው፤ ባል ማግባትም ትችላለች። ብትሻገር ለአገሯ እሷም ሞታለች። እንስራዋን አስቀመጠችና እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገባች። ማዶ ስትደርስ በስሙ ጠራችው።

«ምነው አንድ ወር ቀደም ብትል? በተዝካርህ ጠላው ቀጥኖ ሰው ሁሉ አማኝ» አለችው፤ ከዚያም እንደ ረጠበች አቀፈችው።

ምንዳዬ፣ ነገ ሸንጎ ላይ ልትቀመጥ ነው። አንተ የሰማኸው የማዶው ዳኛ «ሕያው ነህ» ሲል ብቻ ነው፤ ቤቶቹ ውስጥ አልገባህም። እኔ የኛን ሕግ ደግፌ አልናገርም፤ ከበሬ ጋር እንድናወራ ያደረገን እሱ ነው። ሁለቱንም ሳታይ ግን እጅህን አታንሳ። የትኛውንም ብታወጣ ደግሞ አንዲት ሴት ውሃ ውስጥ መግባቷ አይቀርም፤ መሻገሪያ ተውላት።